ቤት ማደሱን ላቆየው ወይስ ልጀምረው? ዋጋ ሲንር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ ላይ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ ወሬው አንድ ነው። «ዋጋው እስኪረጋጋ ልጠብቅ ወይስ ሳይብስ ልግባበት?» ባለሱቁ «ነገ ይጨምራል» ይላል። ጎረቤት «ትንሽ ታገሥ» ይላል። ግንበኛው ሥራ ይፈልጋልና «እንጀምር እንጂ» ይላል።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው። ስለ ቤቱ የሚያወራ የለም። የሚያፈስ ጣሪያ መቀየርና ሳሎን ሴራሚክ ማስነጠፍ የማይገናኙ ሥራዎች ናቸው። አንዱ አንድ ክረምት አይጠብቅም። ሌላው አምስት ዓመት ቢቆይ ቤቱ ምንም አይሆንም። ስለዚህ «ላድስ ወይስ ልተው» የሚል አንድ ትልቅ ውሳኔ የለም። ለየሥራው የሚሰጥ ትንንሽ ውሳኔ ነው ያለው። ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

«ንረቱ ቀንሷል» ሲባል «ዋጋ ሊወርድ ነው» ብሎ መስማት

በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወርዷል። ታዲያ ገበያ ስንወጣ ለምን አልረከሰም? ምክንያቱም የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ከገባ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን 143 ይሆናል። ዜናው «ንረት ቀነሰ» ይላል፤ ኪሳችሁ ግን 13 ብር ተጨማሪ ያወጣል።

ስለዚህ «ወደ ድሮው ዋጋ ሲመለስ እሠራለሁ» የሚል ሰው ውሳኔ አልወሰነም። የሚጠብቀው የማይመጣ ነገር ነው። ብሩን ባንክ አስቀምጦ የሚጠብቅ ደግሞ ሌላ ስሌት አለበት። ብሔራዊ ባንክ ጥቅምት 2010 ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚያ ወለድ የተቀመጠ ገንዘብ 10 እና 15 በመቶ ከሚጨምር ቆርቆሮ ጋር ሲሮጥ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁሉም ዕቃ በአንድ ምክንያት የሚወደድ አድርጎ ማሰብ

ይሄ ዋናው ስህተት ይመስለኛል። መጠበቅ የሚያዋጣውም የማያዋጣውም ዕቃ አለና።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የቀለም ጥሬ ዕቃ፣ ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ፣ ቆርቆሮ የሚሠራበት የብረት ጥቅል፣ ሁሉም ዶላር ይከተላሉ። ዶላር በብር ሲወርድ ስላላየን እነዚህን መጠበቅ ብዙም አያዋጣም። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነና ገንዘቡ በእጃችሁ ካለ ቀድማችሁ ግዙ።

ሲሚንቶ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እዚሁ አገር ይመረታል፤ ዋጋው የሚናጠው በአቅርቦት ነው። ፋብሪካ ለጥገና ሲቆም ይሰቀላል፤ ምርት ሲበዛ ይረግባል። መስከረም 2017 ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ተመርቋል፤ እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ሲገባ አቅርቦቱ ይቀየራል። ክረምት ላይ ደግሞ ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ ፈላጊው ይቀንሳል። ሲሚንቶ ላይ ጥቂት ሳምንት መታገስ ትርፍ ሊኖረው ይችላል።

የአገር ቤቱ ዕቃ ሦስተኛው ነው፦ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ አጠና፣ ጣውላ፣ ጭድ። የእነዚህን ዋጋ የሚወስነው ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያና መንገድ ነው። መንገድ ስል ጎጃም ያለ ሰው ይገባዋል። መንገድ ሌላውንም ዕቃ ይነካል፤ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ነው የሚወጣው። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ሱቅ የሚጠራላችሁ ዋጋ የገበያው ዋጋ አይደለም። የፍርሃት ዋጋ ነው። በዚያ ሳምንት የግድ ካልሆነ አትግዙ። ሁለት ሳምንት መጠበቅና ሁለት ዓመት መጠበቅ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ብልሃት ነው፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው።

ውሃ የሚያስገባውን ሥራ ከሌላው እኩል ማዘግየት

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ይህንን ወደ ቤታችሁ መልሱት። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 84 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ግድግዳው ግርጌ ላይ ነው። ጭቃ ቤት ከሆነ፣ ግርጌው ርሶ ምርጊቱ ይራገፋል፤ ቋሚው እንጨት ከታች መበስበስ ይጀምራል። ምስጥ ደግሞ የራሰ እንጨት ይወዳል።

ጣሪያው ላይ ያለው ታሪክም ያው ነው። ዘንድሮ የሚያፈሰው ሁለት ቆርቆሮ ነው እንበል። «አንድ ክረምት ከሥሩ ድስት እየደቀንን እናሳልፈው» ትላላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከቆርቆሮው ሥር ያለው ሞራሌ ጠቁሮ ምስማር መያዝ ያቅተዋል። ኮርኒሱ ይዘባል። ውሃው ወደ መብራት ገመዱ ከወረደ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ሁለት ቆርቆሮ የነበረው ሥራ አናጢ፣ እንጨት፣ ኮርኒስና ቀለም ይሆናል። እዚህ ላይ የቁሳቁስ ዋጋ ባይጨምር እንኳ ወጪያችሁ ይጨምራል፤ ሥራው ራሱ አድጓልና።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ዋጋ ሳይሆን ውሃ የሚጠየቀው። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ የግድግዳ ግርጌ፣ የግቢ ቦይ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ አፍ፦ እነዚህ ከተበላሹ ብሩ ቢያንስም በተገኘው ልክ ይሠሩ። አሸንዳ ለመግዛት አቅም ካጣችሁ እንኳ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ድንጋይ ደርድሮ ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ መቆፈር የጉልበት ሥራ ነው። ግንቦት ላይ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ሴራሚክ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ የሳሎን ቀለም፣ የአጥር በር ማሳመር ሌላ ተራ ውስጥ ናቸው። ይቆዩ። እንግዳ መጣ ተብሎ፣ ጥር ላይ ሰርግ አለ ተብሎ ሳሎኑ አሸብርቆ ጓዳው የሚያፈስበት ቤት ስንት ነው! እኛ ዘንድ ይሉኝታ ከዋጋ ንረት ያላነሰ ገንዘብ ያስወጣል።

ዕቃው ሳይሟላ ማፍረስ

ይህ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይታያል። ሰው የድሮውን ቆርቆሮ ያወርዳል፤ አዲሱን ግማሽ ይገዛል። በዚህ መሃል ዋጋ ይጨምራል። ቀሪው ገንዘብ አይበቃም። ሰኔ ይገባል።

አዲሱ ዕቃ ግቢያችሁ ውስጥ ሳይገባ አሮጌው አይውረድ። ሥራውንም እየከፈላችሁ አቅዱት፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ገንዘብ ቢያጥር እንኳ ቤቱ ክረምቱን መሻገር እንዲችል። ዘንድሮ ጣሪያውን ከነአሸንዳው። ለከርሞ ግድግዳና ልስን። ከዚያ ወለል። ሁሉንም በአንዴ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርሱ ከመቆም አንዱን ጨርሶ መቆም በብዙ ይሻላል።

ፈርቶ ሲሚንቶ ማከማቸት

«ሳይጨምር ልያዘው» የሚለው ሐሳብ ለአንዳንድ ዕቃ ይሠራል። ድንጋይ አይበሰብስም። ፌሮ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ከተሸፈነ ይቆያል። አጠና እንዲያውም ቢደርቅ ይሻላል፤ እርጥቡ ባሕር ዛፍ ከተመታ በኋላ ነው የሚጣመመው።

ሲሚንቶ ግን ዕድሜ አለው። ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ይረጋል። ሦስት ወር ካለፈው ጉልበቱ መቀነሱን አስቡ፤ ክረምቱን ጭቃ ወለል ላይ ከከረመ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የረጋውን ጓል ሰብሮ በወንፊት ነፍቶ የሚጠቀም አለ። ለምሰሶና ለቢም እንዲህ ያለውን እንዳትነኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። ለወር ለሁለት ወር የግድ ማስቀመጥ ካለባችሁ፣ ጣውላ ወይም አጠና ላይ ደርድሩት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ በላስቲክ ሸፍኑት፣ መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ አውጡ።

ቆርቆሮም የራሱ ጣጣ አለው። ተደራርቦ ሳለ በመሃሉ ውሃ ከገባበት ነጭ ዝገት ይይዘዋል። ዘንበል ተደርጎ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። አሸዋ መንገድ ዳር ከተከመረ ግማሹን ጎርፍ፣ ሩቡን ዶሮና ልጅ ይወስዱታል።

ሥራውን ላለመቀነስ ጥራቱን መቀነስ

ብር ሲያጥር ሁለት መንገድ አለ። ትንሽ መሥራት ወይም ሁሉንም አሳስቶ መሥራት። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ከውጭ ሲታይ ያለቀ ስለሚመስል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ28 በጣም የሳሳ ነው። በረዶ በሚጥልበት በእኛ ደጋ ስስ ቆርቆሮ ቶሎ ይጎዳል። ፌሮ ላይ ደግሞ ሚዛን አትፈሩ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 12 ሜትር ሙሉ ርዝመቱ፣ 10 ኪሎ ተኩል አልፎ ወደ 10.7 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። በጣም ከቀለለ 12 ተብሎ የተሸጠላችሁ 12 አይደለም።

ልስን ላይም እንዲሁ። «ጋሼ፣ አሸዋውን ትንሽ ብንጨምርበት እኮ ሁለት ኩንታል ይተርፋል» የሚል ሠራተኛ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሊጠቅማችሁ ፈልጎ ነው። ግን አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አሸዋ (1 ለ 3 ወይም 1 ለ 4) መሆን ያለበት ልስን 1 ለ 7 ሲሆን በጣት የሚፋቅ ግድግዳ ታገኛላችሁ። ሁለት ክፍል በደንብ አስለስኑ፤ ሌላው ይቆይ። ቀለም ለመቀባትም አትጣደፉ። ልስኑ አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይላጣል፤ ቀለም ደግሞ ዛሬ ርካሽ አይደለም።

ወቅቱን ከሒሳብ ማውጣት

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የቀን ሠራተኛ ማሳ ላይ ነው፤ ከተማ የቀረውም ክፍያው ይወደዳል። ጥር ላይ እህል ተሽጦ ገበሬው እጅ ብር ሲገባ ቆርቆሮና ምስማር ፈላጊው ይበዛል። በሌላ በኩል ጭድ እንደ ልብ የሚገኘው ከውቂያ በኋላ ነው፤ ጭቃ ቤት ለማስመረግ ያሰበ ጭዱን ያኔ ቢይዝ ይጠቀማል። ቆርቆሮውን ግን ገበሬው ሳይሸጥ በፊት፣ ጥቅምት አካባቢ ቢገዛ ይሻላል።

ገጠር ላላችሁ አንድ ነገር። ደቦ ነጻ አይደለም። ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ በዛሬ የእህልና የበርበሬ ዋጋ ሲሰላ አንዳንዴ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሮ ከማሠራት ይበልጣል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ የምትመልሱት ቀን የእርሻችሁ ወቅት ላይ እንዳይወድቅ።

የማይመለስ ነገር ላይ ብድር ወይም እቁብ ማዋል

በግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል መጨረስ ብድሩን ሊከፍል ይችላል። ሳሎን ማስዋብ አይከፍልም። የእቁብ ዕጣ ሲወጣላችሁም ቀሪውን ዙር የምትከፍሉት ገና መሆኑን አስታውሱ። ከተማ ላይ አዲስ ክፍል የምትጨምሩ ከሆነ ከማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ውሰዱ፤ የሕንፃ ሕጉ ያዛል። ፈርሶ ድጋሚ መሥራትን የሚያህል ውድ ነገር የለም።

ለሠራተኛ ብዙ ቀብድ መስጠት

ዋጋ ሲጨምር ግንበኛውም ይጨንቀዋል። በድሮ ዋጋ ተስማምቶ መሃል ላይ «አልሆነልኝም» ብሎ የሚሄደው ሁሌ በክፋት አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ ከሠራተኛው ጋር በእጅ ዋጋ ብቻ ተስማሙ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ ክፍያውም በቀን ሳይሆን ባለቀ ሥራ ይከፈል። ለምሳሌ ሞራሌው ተመትቶ ሲያልቅ ሩብ፣ ቆርቆሮው ሲለብስ ግማሽ፣ የቀረው ደግሞ ጣሪያው አንድ ዝናብ መትቶት ሳያፈስ ሲቀር።