ቴርሞስታት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ሳጥን፣ ቴርሞስታትን፣ ያውቃታል። ሂተሩንና ኤሲውን የምታዝዘው እሷ ናት። በየትኛው ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ቀድሞ የሚነገራት ፕሮግራም ስለምትቀበል ቢል ትቀንሳለች ተብላ ትሸጣለች። ብዙ ቤት ግን አትቀንስም። ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቆጣቢ ዕቃ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለእነዚህ ዕቃዎች ይሰጥ ነበር፤ በ2009 መጨረሻ ቆመ። የተባለው ቁጠባ በተግባር አልታየማ! እኔ ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ አልጭንም፤ አሠራሯ ራሱ ግራ ያጋባል። ቢሆንም ቢሉን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ሆልድ ላይ ረስቶ መተው። ዋናው ይሄ ነው። ሲበርድዎት ዲግሪውን ጨምረው ‘ሆልድ’ን ይጫናሉ፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ይረሱታል። ከዚያ በኋላ ያወጡት ፕሮግራም አይሠራም። ቀንም ሌሊትም፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ያው 74 ዲግሪ ፋረንሃይት ነው። የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት ሰዎች የቴርሞስታታቸውን ፎቶ እንዲልኩ ጠይቀው ነበር። ፕሮግራም ከሚቀበሉት ግማሽ ያህሉ ሆልድ ላይ ተገኙ። ለአንድ ምሽት ብቻ ሙቀት ከፈለጉ ቀስቷን ብቻ ይጫኑ፤ ብዙዎቹ ቀጣዩ የፕሮግራም ሰዓት ሲደርስ በራሳቸው ይመለሳሉ። ሆልድ ላይ ካገኙት ደግሞ ‘ራን’ ወይም ‘ሪዙም’ የሚለውን ይፈልጉ።

ሰዓቱን አለማየት። በዚያው ጥናት ከአምስት አንዱ የተሳሳተ ሰዓት ያሳይ ነበር። ባትሪ ሲያልቅ ወይም በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲቀየር ይዛባል። እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት ‘ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሙቅ’ ብለው 12 ቢሞሉበት ማሽኑ የሚገባው እኩለ ሌሊት ወይም እኩለ ቀን ነው። 6 እና ኤኤም ነው የሚሞላው።

ቶሎ እንዲሞቅ 85 ማድረግ። የምድጃ ጋዝ አይደለም፤ ስለጨመሩት አይበረታም። አብዛኞቹ ማሞቂያዎች ወይ ይሠራሉ ወይ ይቆማሉ። 70 ቢሉትም 85 ቢሉትም 70 ላይ የሚደርሰው እኩል ጊዜ ፈጅቶ ነው። 85 ካሉት ግን እዚያ አይቆምም።

ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ) ያለው ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በአንዴ ብዙ ዲግሪ ከጨመሩበት ፓምፑ ብቻውን ስለማይችለው በኤሌክትሪክ የሚግለው መጠባበቂያ ማሞቂያ ይነሳል። ስክሪኑ ላይ ‘ኦክስ’ (AUX) የሚል ጽሑፍ ያያሉ። እሱ መብራት ይበላል፣ በጣም! ‘ኢመርጀንሲ ሂት’ የምትለውን ደግሞ ‘ዛሬ ብርዱ ከባድ ነው’ ብለው እንዳይነኳት። ፓምፑን አቁማ ሁሉንም ለመጠባበቂያው ነው የምትሰጠው። ፓምፑ ሲበላሽ፣ ጠጋኝ እስኪመጣ ድረስ የምትከፈት ናት።

ከፋብሪካ የመጣውን ፕሮግራም ማመን። አብዛኛው የተሠራው ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ነው። የማታ ሽፍት የሚሠራ ነርስ ወይም የፓርኪንግ ሠራተኛ ጠዋት ገብቶ ሲተኛ ቤቱ ይቀዘቅዝበታል። ተናዶ ወደ ሆልድ የሚሄደውም ያኔ ነው። መፍትሔው ግን ሁሉንም መሙላት አይደለም። በቀን 4 የፕሮግራም መቀየሪያ ሰዓት፣ ለ7 ቀን ሲባል 28 ቦታ ነው፤ ማን ይጨርሰዋል? የሚተኙበትንና ከቤት የሚወጡበትን ብቻ ያስተካክሉ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋረንሃይት በብርድ ጊዜ ዝቅ፣ በሙቀት ጊዜ ከፍ ማድረግ የዓመቱን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሂት ፓምፕ ካለዎት ግን በብርድ ጊዜ ይህን ያህል ዝቅ አያድርጉ፤ ሲመለስ ‘ኦክስ’ን ይቀሰቅሳል።

ከሥሯ መብራት ማስቀመጥ። የምትለካው አጠገቧ ያለውን አየር ነው። ከጎኗ አምፖል ወይም ቲቪ ካለ ቤቱ የሞቀ ይመስላትና ሂተሩን ታጠፋለች።

ማንዋሉ ከጠፋብዎት ሽፋኑን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የሞዴል ቁጥር ከውስጥ ተጽፎ ያገኛሉ። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት ማንዋሉ ይወጣል።