የጦርነት ግጥም ሲተነትኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ግጥሙ የጦር ሜዳን ሰቆቃ እንዴት ያሳያል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ተማሪ «ገጣሚው የጦርነትን አስከፊነት በሚገባ ገልጿል» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። የተጠየቀው ግን «እንዴት» ነው። ለምሳሌ የእንግሊዛዊውን የዊልፍሬድ ኦወንን «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት» እንውሰድ። 28 ስንኝ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ ለማንበብ ያመቻል። ደክመው ከግንባር በሚመለሱ ወታደሮች ላይ የመርዝ ጋዝ ይወድቃል፤ አንዱ ጭምብሉን ለማጥለቅ አልደረሰም፤ ተራኪው ሲሞት ያየዋል።

በሕይወት ታሪክ መጀመር

ኦወን ግጥሙን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1917 ኤዲንብራ በሚገኘው ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ሲታከም ነው። በኖቬምበር 4 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በ25 ዓመቱ ተገደለ። ልብ ይነካል፤ ግን አንድም ስንኝ አያብራራም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ጩኸቱ ላይ ዘሎ መግባት

አብዛኛው ትንታኔ የሚነሳው «ጋዝ! ጋዝ!» ከሚለው ከ9ኛው ስንኝ ነው። ድንጋጤውን የሚያዘጋጁት ግን የፊተኞቹ 8 ስንኞች ናቸው። ወታደሮቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ሽማግሌ ለማኞች ጎብጠዋል፤ ብዙዎቹ ጫማቸው ጠፍቶ ደም ተጫምተዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ በነጠላ ሰረዝ እየተቆራረጡ ይጎተታሉ፤ እንደ ሰዎቹ እግር። የጋዝ አረሮቹ ከኋላቸው በለሆሳስ ሲወድቁ እንኳ ከድካም ብዛት አይሰሙም። 9ኛው ስንኝ ላይ ምቱ በአጫጭር ጩኸት ሲሰበር አንባቢውም ሳይዘጋጅ ይያዛል። ስለ ጩኸቱ የሚጽፉ ከሆነ ከፊቱ ስላለው ዝግታ መጻፍ ግድ ነው።

ዘይቤ መቁጠር

«በ1ኛው ስንኝ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለ፣ በ2ኛውም አለ» ብሎ መዘርዘር ትንታኔ አይደለም። ይልቅ ንጽጽሩ ከወታደሩ ላይ ምን እንደቀማ ይጠይቁ። ለማኝና የምታስል ባልቴት ከሃያዎቹ ዕድሜ ወጣቶች ላይ ጉልበትን፣ ወጣትነትንና የምልመላ ፖስተሮች ይሸጡት የነበረውን የወታደር ሞገስ ይገፋሉ።

ይበልጥ የሚባክነው ግን የመስጠም ምስል ነው። ጋዝ የያዘው ሰው አረንጓዴ ባሕር ውስጥ እንደሚሰጥም ሆኖ ይታያል፤ ብዙዎች «ውብ ምስል» ብለው ያልፉታል። እንደ ክሎሪንና ፎስጂን ያሉ ጋዞች ሳንባን በፈሳሽ ሞልተው ነው የሚገድሉት፤ ሰውየው በየብስ ላይ በእርግጥም እየሰጠመ ነው። ተራኪው የሚያየውም ጉም በለበሰ የጭምብል መስታወት በኩል ነው። ስለዚህ ዘይቤው ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዓይን ምስክርነት ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ አምስት ዘይቤ ከሚዘረዝር ገጽ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚቀና ስህተት አለ፦ የግጥሙን ጋዝ ከሰናፍጭ ጋዝ ጋር ማምታታት። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያውያን ላይ ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ በዋናነት የሚታወቀው ቆዳ በማቃጠሉና በማቁሰሉ ነው። ግጥሙ «እሳት ወይም ኖራ ውስጥ እንዳለ ሰው» ሲል ያንን ያስታውሳል፤ ስንኙ የሚገልጸው ግን የሰውየውን መንፈራገጥ ነው። ኋላ የሚመጣው አረፋ የሚደፍቅ ሳንባ ነውና ትንታኔው ሳንባ ላይ ይቆይ።

ቅርጹን መዝለል

አንጓዎቹ 8፣ 6፣ 2 እና 12 ስንኝ አላቸው። ያቺን የሁለት ስንኝ አንጓ ሳይነኩ አይለፉ። ባለ ስድስት ስንኟ አንጓ የተቋጨችበት «መስጠም» የሚለው ቃል ባለ ሁለት ስንኟንም አንጓ ይቋጫል፤ ቃሉ ከራሱ ጋር ቤት ይመታል። በሌላ ቦታ ቢሆን የገጣሚ ስንፍና ባልነው ነበር። እዚህ ግን ተራኪው ከዚያች ቅጽበት መውጣት እንዳቃተው ያሳያል። ግሱም በዚያው ቦታ ከኃላፊ ወደ አሁን ጊዜ ይዞራል፦ ሟቹ ትናንት ሞቷል፤ በሕልም ግን ዛሬም እየመጣበት ነው።

በፉከራ ጆሮ መስማት

ሽለላና ቀረርቶ የለመደ ጆሮ ጀግና ይፈልጋል፤ ሲያጣ «ገጣሚው ፈሪ ነው» ወይም «አገሩን ጠልቷል» ይላል። ኦወን ወደ ግንባር ተመልሶ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳልያ የተሸለመ መኮንን ነው። ቁጣው ያነጣጠረው ሳያዩ በሚሰብኩት ላይ ነው። በረቂቁ ላይ መታሰቢያነቱን ያደረገው ወጣቶች እንዲዘምቱ ግጥም ትጽፍ ለነበረችው ለጄሲ ፖፕ ነበር፤ በመጨረሻው አንጓ ያለው «ወዳጄ» የሚል ጥሪ ምፀት መሆኑን ያስተውሉ።

ርዕሱን ብቻ አይቶ «ግጥሙ ለአገር መሞትን ያወድሳል» የሚልም አይጠፋም። ርዕሱ ከሮማዊው ባለቅኔ ከሆራስ የተወሰደ ሲሆን «ለአገር መሞት ጣፋጭና ተገቢ ነው» የሚለው አባባል መጀመሪያ ነው። ሙሉው የሚመጣው በመጨረሻ፣ «አሮጌው ውሸት» ከተባለ በኋላ ነው። እዚህ ሰም ገልጦ ወርቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ፍርዱ በግልጽ ተጽፏል። መመርመር ያለበት የመጨረሻዋ ስንኝ ከሌሎቹ አጥራ፣ በሦስት የላቲን ቃላት መቆረጧ ነው።

በትርጉም ላይ ተመሥርቶ ስለ ድምፅ መጻፍ

ምስልንና የአንጓ አደራደርን ከደህና ትርጉም መተንተን ይቻላል። ስለ ምት፣ ስለ ቤት አመታትና ስለ ፊደላት ድግግሞሽ ሲጽፉ ግን የእንግሊዝኛውን ቅጂ አጠገብዎ ያኑሩ፤ የሚጠቅሱትም ከሦስት እስከ አምስት ቃል ይሁን፤ ሙሉ አንጓ ገልብጦ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ገጽ ከመሙላት አያልፍም።