ደሴ ከመግባታችሁ በፊት ኮምቦልቻ እደሩ

ባለፈው ክረምት 22 ቀን መንገድ ላይ ከረምን። ባለቤቴ ሚኒባስ አለው፤ በአዘቦቱ ደሴ ኮምቦልቻ ሰው ይጭንበታል። ለጉዞው የኋላ ወንበሮቹን ፈትቶ አወጣና በጣውላ አልጋ ሠራበት። ከሥሩ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ከላዩ ስፖንጅ ፍራሽ፣ በመስኮቱ ከአሮጌ ነጠላ የተሰፋ መጋረጃ። ስድስት ነን፦ እኔ፣ እሱ፣ ሦስት ልጆችና አማቴ። ለእማማ አልጋ እየተከራየንላቸው እኛ አምስታችን መኪናው ውስጥ እንደ ማገዶ ተደርድረን እናድራለን። በአዲስ አበባ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አድርገን አርባ ምንጭ ደረስን። ዶርዜም ወጣን።

ስለ አካሄዱ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምነግራችሁ ስለ አመላለሱ ነው። በእሱ ተቀጥቻለሁና።

አምና የመጀመሪያውን ጉዞ ስንመለስ ኮምቦልቻ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። «25 ኪሎ ሜትር ለቀረው ሰው ማን ያድራል?» ተባብለን ቀጠልን። ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ጭጋጉ ዋጠን። ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እየፈለገ ነዳ። ቤት ስንደርስ ያለውን ሁሉ ሳሎን ዘርግፈን ተኛን። ፍራሹ ለካ ዝናብ ጠጥቷል። በሳምንቱ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። እርሾዬ ሞቶ ጠበቀኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ሙዝ ይዤ፣ እየሳቅሁ፣ የጎረቤት በር ለበር ዞርኩ። ሦስት ቤት አልፎ ያለችው ጎረቤቴ ወንድሟን ከቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

እና ዘንድሮ ሁሉንም ቀየርነው።

ኮምቦልቻ እደሩ የምለው ለቅንጦት አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ አየሩ ሌላ ይሆናል። ደሴ በነሐሴ የታጠበ ካልሲ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይሰነብታል። ኮምቦልቻም ክረምቱን ይዘንባል፤ ግን ሞቅ ስለሚል ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ካለች ብዙ ነገር ይደርቃል። የባለቤቴ እህት እዚያ ናት፣ እሷ ጋ አደርን። ዘመድ ከሌላችሁ ግቢው ሰፊ የሆነ ፔንሲዮን ፈልጉ። ዕቃ ማስጣት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ኋላ እንዳያኮርፉ።

እዚያ የሚደርቀው በቅድሚያ ፍራሹ ነው። አጋድማችሁ አታስጡት። በጎኑ አቁሙት፣ በሁለቱም በኩል አየር ያግኘው። በየሁለት ሰዓቱ አዙሩት። ጨርቁ ቢደርቅ አትመኑት፤ በጉልበታችሁ ጫን አድርጋችሁት ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና ነው። ጣውላው ላይ ሻጋታ ካያችሁ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። በበረኪናም ይቻላል፤ ሁለቱን ግን በአንድ ላይ እንዳታደርጉ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

ፍራሹ ሲደርቅ ስፌቱን አገላብጣችሁ እዩ። እማማ ካደሩባቸው አልጋዎች አንዱ ትኋን ነበረው፤ በማግስቱ ክንዳቸው ላይ በመስመር የተደረደረ ንክሻ አየን። ትኋን ስፌትና የሻንጣ ጥግ ይወዳል። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። የእማማን ልብስ በሙሉ ፌስታል ውስጥ አስረን ለብቻው አስቀመጥነውና ኮምቦልቻ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍነው። ሻንጣቸውን ደሴ ቤት ውስጥ አላስገባነውም። እማማ ተቀይመውኛል። ይቅር ይበሉኝ።

መኪናው ደግሞ ባለቤቴን ይመለከታል፤ ግን አጠገቡ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ቀላል አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ወደ 1,300 አካባቢ ትወርዳላችሁ። በአነስተኛ ማርሽ ካልወረዳችሁ ፍሬኑ ይግላል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ወይም ፔዳሉ ስትረግጡት ወደ ውስጥ ከገባ፣ የፍሬን ሸራውንና ዘይቱን ሳታሳዩ አትለፉ። ሐረጎን ስትወጡ ፍሬን ብዙ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ነገ ተሳፋሪ ይዞ የሚወርደው ግን ያው መኪና ነው።

የጎማውን ቡሎንም እዩ። ከሐዋሳ ወዲህ ጎማ ተንፍሶብን አንድ ጎሚስታ ቀይሮልን ነበር። ኮምቦልቻ ስናየው ከስድስቱ ቡሎን ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው ተገኙ። ያን ሁሉ መንገድ እንዲያ ነው የመጣነው፣ ሦስት ልጅ ጭነን! ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ መልሳችሁ አጥብቁት። እኛም አልሰማንም ነበር። ላቫጆው በመጨረሻ ነው፤ ከታች በኩል ጭቃውን በደንብ እንዲያራግፉላችሁ ቆማችሁ አሠሩ።

አሁን ወደ ስልኩ። ኮምቦልቻ ሆናችሁ ቁልፍ ለተዋችሁላት ጎረቤት ደውሉ። የእኛ ጎረቤት ሙስሊም ናት፤ ቤታችንን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሞተ? ማን ታመመ?» ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእኛ አገር ቅሬ የሚባል እድር አለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። መንገድ ላይ ነበርኩ ያለ ሰው ይቅርታ ይደረግለታል። ተመልሶ ለቅሶ ሳይደርስ ሙዝ ያደለ ግን ለዓመት ይወራበታል። እኔ ምስክር ነኝ። ዘንድሮ ስደውል የአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ እናት ማረፋቸውን ነገረችኝ። ጥቁር ነጠላዬን ከሻንጣው ሥር አውጥቼ ከላይ አደረግሁት።

ሁለተኛው ጥያቄ ውሃ መጥቷል ወይ የሚለው ነው። ሮቶው ባዶ ከሆነ ኮምቦልቻ ሁለት ጀሪካን ሙሉ። ሦስተኛው የመብራት ካርድ ነው፤ ሒሳቡ አልቆ ጨለማ ውስጥ ዕቃ ከማውረድ ይሰውራችሁ።

ለመጀመሪያው ቀን የሚበላውንም ከዚያው ያዙ። እኔ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ገዛሁ። የመንገዱ ድርቆሽ ተርፎ ነበር፤ በሽሮ ፈትፍቼ አበላኋቸው። ከሮቢት የገዛነው ማሾም ለሁለተኛው ቀን ሆነ። በገባችሁበት ቀን ወጥ እሠራለሁ ብላችሁ አትፎክሩ።

ሐረጎን በቀን ውጡት። ጭጋጉ ብዙ ጊዜ ጠዋት ላይ ጥቅጥቅ ይላል፣ ረፋዱ ላይ ገለጥ ይላል። እኛ በ4 ሰዓት ተነስተን ከ5 ሰዓት በፊት ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ደረስን። የቶሳ ተራራ አናቱን በደመና ሸፍኖ ጠበቀን። ልጆቹ «ደሴዬ!» ብለው ጮኹ። ለካ ናፍቋቸዋል።

ቤት ስትደርሱ ማንም ዕቃ ተሸክሞ አይግባ። በመጀመሪያ አንድ ሰው ይግባና መስኮቱን ሁሉ ይክፈት። የተዘጋ ቤት በክረምት የመቃብር ሽታ ይይዛል። ቧንቧውን ክፈቱና መጀመሪያ የሚመጣውን ደፍራሽ ውሃ አፍስሱት፤ ለመጠጥ አታድርጉት። ማቀዝቀዣውን ስትሄዱ አጥፍታችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ከነበረ አሁን ሽታ የለውም። ዘግታችሁት ከሄዳችሁ በርቱ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

የዕቃው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። እማማ ይውረዱ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገው ይቀመጡ። ረጅም መቀመጥ እግር ያሳብጣል፤ ሁለቱም እኩል ካበጡ በእረፍት ይመለሳል። አንዱ ብቻ አብጦ ባቱ ላይ የሚያም ከሆነ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ቀጥሎ የሚበላሸው፣ ከዚያ እርጥቡ ይውረድ። ቡታ ጋዙ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሲሊንደሩ ቆሞ ይግባ። ቤት ውስጥ ስትገጥሙት መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል። ደረቁ ዕቃ እስከ ነገ መኪናው ውስጥ ቢያድር ምንም አይሆንም። ሳሎን ተዘርግፎ የሚያድር ዕቃ ግን ሳምንት ይከርማል።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ከቆላ መጥታችሁ የደሴ ብርድ ሲገጥማችሁ፣ ቤቱም ረጥቦ ሲጠብቃችሁ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ማሞቅ ያምራችኋል። ሙቁት፣ መስኮት ከፍታችሁ። ስትተኙ ግን ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አውጡት። የከሰል ጭስ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለው። የደከመው ሰው ደግሞ አይነቃም።

እርሾውን በተመለከተ ዘንድሮ ብልህ ሆኛለሁ። ስሄድ ግማሹን ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ እሷ በየሳምንቱ ስትጋግርበት ሕያው ሆኖ ቆየ። ስመጣ አንድ ጣሳ መለሰችልኝ። ምጣዱን ግን ተጠንቀቁ። ሸክላ ክረምቱን እርጥበት ይጠጣል። ድንገት በኃይል ካጋላችሁት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በትንሽ እሳት ረጅም ጊዜ አሙቁት፣ ከዚያ በጎመን ዘር አሽታችሁ አስሱት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ይጣበቃሉ። ለልጆች ፍርፍር ይሆናሉ።

ለቅሶውን በገባን ማታ ደረስን። በማግስቱ ቡና አፈላሁና ጎረቤቶቼን ጠራሁ። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የደብረ ሲና ቆሎ ቀረበ። ጎረቤቴ ዱዓ አደረገችልን፣ እማማ አሜን አሉ። ሙዙን ገና ጥሬ ሳለ ግዙት፣ ከጣውላው ሥር ሳይሆን ከላይ አንጠልጥሉት። ካልሆነ ለቡናው የምታቀርቡት ገንፎ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፤ ካነበባችሁት ሁሉ ይህን ያዙ። በአገራችን ወባ በብዛት ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ደሴ ከዚያ በላይ ስለሆነች ልጅ ሲያተኩሰው «ምች ነው፣ ብርዱ ነው» እንላለን። አርባ ምንጭም ሮቢትም ግን ቆላ ናቸው። የወባ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከተነከሱ ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ ነው። ቤት ገብታችሁ፣ ሻንጣው ታጥፎ፣ ጉዞው ከተረሳ በኋላ ማለት ነው። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። መካከለኛዋ ልጄ በገባን በዘጠነኛው ቀን አተኮሳት፣ አንቀጠቀጣት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የመጀመሪያው ቃሌ «ከአርባ ምንጭ ነው የመጣነው» ሆነ። ወዲያው ደም ወሰዱ፣ ወባ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቷን በሰዓቷ ጨረሰች፣ ዳነች። ስለዚህ የተመለሳችሁበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። ትኩሳት ከመጣ የነበራችሁበትን ቦታ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐይቅ ውስጥ የዋኘ ልጅ ካለም ንገሯቸው። ዝዋይም ሐዋሳም ቢልሃርዝያ አለ።

የልጆቹ እንቅልፍ ያልጠበቅሁት ጣጣ ነበር። 22 ሌሊት የእናትና የአባታቸውን ትንፋሽ እየሰሙ ተኝተዋል። የመጀመሪያው ማታ ትንሹ ልጄ ከአልጋው ወርዶ በር ላይ ቆመ። «መኪናው ውስጥ ልተኛ» አለ። አትቆጧቸው። እኛ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈን ሦስት ሌሊት ሁላችንም አብረን ተኛን። በአራተኛው ታላቁ ራሱ «ይበቃል፣ ማሙሽ ይራገጣል» ብሎ ወደ አልጋው ሄደ። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ግቡ፤ ይህ ቀን ይፈልጋል።

ጣውላውን ለመፍታት አትቸኩሉ። ባለቤቴ ሥራ ስለቸኮለ በማግስቱ ሊፈታው ነበር፣ ከለከልኩት። መጀመሪያ በጀርባው በእርሳስ ጻፍንበት። ምን ጎደለ? ሁለተኛ ባትሪ። ለእማማ ፔርሙስ። የዝናብ ላስቲክ፣ ትልቁ። ሁለት አጎበር እንጂ አንድ አይበቃም። ወረቀት ይጠፋል፣ ጣውላው ግን በሚቀጥለው ዓመት መገጠሙ አይቀርም። ማሙሽ በመልሱ ከሚሴ ገበያ ላይ ግልገል ካልገዛችሁልኝ ብሎ እስከ ሐርቡ ድረስ ያለቀሰ ልጅ ነው። እርሳሱን ተቀብሎ ከእኔ ጽሑፍ ሥር አራት እግር ያለው ነገር ሣለ። አባቱ ጣውላውን ቆጥ ላይ ሲሰቅለው ሥዕሉ ወደ ታች ነው የዞረው። ማሙሽ በየማታው እየሄደ ያየዋል።