የስዕል ታብሌት ሲያስቸግር፦ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

በስዕል ታብሌት፣ ማለትም ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በብዕር በሚሣልበት ሰሌዳ፣ የሚሠሩ ብዙ ጀማሪዎች መስመራቸው ሲበላሽባቸው ጥፋቱን በእጃቸው ወይም በዕቃው ላይ ያደርጉና ሌላ ታብሌት ፍለጋ ይወጣሉ፤ ከሚከተሉት ችግሮች መካከል ግን በእርግጥ ግዢ የሚጠይቀው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ክቡ ሞላላ ይሆናል። የቡና ስኒ ታብሌቱ ላይ ደፍተው ዙሪያውን በብዕሩ ይከተሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቅርጽ ወደ ጎን ከተለጠጠ የታብሌቱና የስክሪኑ የወርድና የቁመት ምጣኔ አልተጣጣመም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ታብሌቱ 16 በ10፣ ስክሪኑ ደግሞ 16 በ9 ሊሆን ይችላል። ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን ከተገጠመማ የታብሌቱ ወርድ ለሁለቱም ስለሚከፋፈል መለጠጡ እጅግ ይብሳል። መፍትሄው በድራይቨሩ (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባው ሶፍትዌር) ሴቲንግ ታብሌቱን ለአንድ ስክሪን ብቻ መድቦ ምጣኔውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው፤ ከታብሌቱ ጠርዝ ጥቂት ቦታ ያለ ሥራ ይቀራል፣ ሆኖም እጅዎ የሣለውን ክብ እንደ ሣለው ማየት ከዚያ ይበልጣል።

ቢጫኑትም ባይጫኑትም የመስመሩ ውፍረት አይለወጥም። በቅድሚያ በስዕል ፕሮግራሙ ውስጥ የመረጡት ብሩሽ ለብዕር ግፊት እንዲታዘዝ መስተካከሉን ያረጋግጡ። እሱ ደህና ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ነው፤ በተለይ ቀድሞ በሌላ አምራች ታብሌት ይሠራበት በነበረ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ድራይቨር ሲጨመር ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ሁለቱንም ድራይቨሮች ከኮምፒውተሩ አስወግደው ኮምፒውተሩን እንደገና ካስነሱ በኋላ አሁን የያዙትን ታብሌት ድራይቨር ብቻ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። አሁንም ካልተስተካከለ በድራይቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ ኢንክ (የዊንዶውስ የብዕር አገልግሎት) የሚለውን ምርጫ ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት፣ በርቶ ከሆነ ያጥፉት፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ይፈልገዋል፣ ሌላው አይስማማውም።

በዝግታ የተሣለ መስመር ይንቀጠቀጣል። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው፣ ስልክዎንም አርቀው ይሞክሩ፤ ባትሪ የሌለው ብዕር በኤሌክትሮማግኔት ስለሚሠራ በአቅራቢያው ያለ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይነካዋል።

እጅ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ከርሰሩ ይወረወራል። መሣያው 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ታብሌት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ባለው የ27 ኢንች ስክሪን ላይ ሲሠራ፣ የእጅ 1 ሴንቲ ሜትር በስክሪኑ 4 ይሆናል። ለላፕቶፕ ይኸው ታብሌት ይበቃል፤ ለትልቅ ስክሪን ግን 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለውን መግዛት ተገቢ ነው። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በጉልህ ለሚጻፈው የ8192 የግፊት ደረጃ (ብዕሩ ለይቶ የሚያውቀው የእጅ ጫና መጠን ብዛት) ብለው ገንዘብ አይጨምሩ፤ ከ4096 መለየቱ ለእጅ እምብዛም አይታወቅምና ጭማሪውን ለመሣያው ስፋትና ለመለዋወጫ የብዕር ጫፎች ያውሉት።