ለምርምር ፕሮግራም የሚላክ ፐርሰናል ስቴትመንት እንዴት ይጻፋል?

የዲግሪ ተማሪዎችን ለምርምር የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ከማመልከቻው ጋር ፐርሰናል ስቴትመንት፣ ማለትም አመልካቹ ስለ ራሱና ስለ ሥራው የሚጽፈውን አጭር ጽሑፍ፣ ይጠይቃሉ። ብዙዎች ሲቪያቸውን በረጅሙ ይደግሙበታል። ውጤታችሁን ግን ትራንስክሪፕቱ ይናገራል። አንባቢው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ነገሩ አልፈታ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ማስታወቂያውን አንብቡ። የቃላት ገደቡንና የዜግነት መስፈርቱን እዩ። ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፋቸው አርኢዩ (REU) የሚባሉ የዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚቀበሉት የአሜሪካ ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ነው። ይህን ሳታዩ መጻፍ ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሥራ ምረጡ። ላብ ውስጥ ሠርታችሁ አታውቁም? ችግር የለም። የኮርስ ፕሮጀክት ወይም በራሳችሁ የጻፋችሁት ኮድ ይበቃል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የጽሑፉ ልብ ይሄ ነው። «ባዮሎጂ በጣም እወዳለሁ» ማንም ይላል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ሙከራውን በደገምኩ ቁጥር ውጤቱ ተለያየብኝ። መጀመሪያ ስሌቱን ጠረጠርኩ። ቆይቼ ሳጣራ ግን ናሙናዎቹ የተቀመጡበት ሙቀት እኩል አልነበረም።» አያችሁ፣ እዚህ ውስጥ የሚያስብ ሰው አለ። ምን እንደጠረጠራችሁ፣ እንዴት እንዳጣራችሁ፣ ምን ሳይመለስ እንደቀረ ጻፉ። ሥራው ባይሳካም አትደብቁት። በቡድን ከሆነ ደግሞ የእናንተን ድርሻ ለዩ፤ «ሠራን» ብቻ ከተባለ ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም።

ከዚያ ለምን ያንን ፕሮግራም እንደመረጣችሁ አስረዱ። አብራችሁ መሥራት የምትፈልጉትን ተመራማሪ የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ ፈልጉ። ሁሉም ባይገባችሁ እንኳ አጭር መግለጫውንና መግቢያውን አንብቡ። የትኛው ጥያቄያቸው እንደሳባችሁ፣ ከሠራችሁት ጋር በምን እንደሚገናኝ ንገሯቸው። «ዝነኛ ተቋም ስለሆናችሁ» የሚለውን ተዉት። አንቀጹን ጨርሳችሁ የሌላ ፕሮግራም ስም አስገቡበት። ምንም ካልተበላሸ እንደገና ጻፉት።

ስለ ወደፊቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፒኤችዲ ካሰባችሁ ተናገሩ፤ ካልወሰናችሁም ከፕሮግራሙ ምን መማር እንደምትፈልጉ ጻፉ።

ረቂቁን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ከሙያው ውጭ ላለ ጓደኛም አሳዩት፤ ግራ የተጋባበትን ቦታ አስተካክሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፍላችሁ መምህርም ቀደም ብላችሁ ላኩለት። ያንኑ ሥራ እሱም ካየው፣ በደብዳቤው ሊመሰክርላችሁ ይችላል።