የቮልስ ኮፈን ውስጥ ውሃ፣ ዝገትና የሚንኳኳ ስኮርታ

ይህ ለቮልስዋገን ቢትል ነው፤ ስኮርታው (ተጠባባቂ ጎማው) ከፊት ኮፈን ስር፣ አፍንጫው ላይ ባለው ጉድጓድ ጋደል ብሎ ለሚቆመው። 1302 እና 1303 በተባሉት ሞዴሎች ላይ ስኮርታው ከወለሉ ስር ተኝቶ ይቀመጣል። ችግሩ ያው ነው፤ ሽፋኑ ስለሚደብቀው ግን ዘግይቶ ይታያል።

ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ታችኛው ላሜራ ዝጓል

ክረምት ገብቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስኮርታውን ስታወጡት ከስሩ ቡና የመሰለ ውሃ ታገኛላችሁ። ከአስር ቮልስ ዘጠኙ ጋራዥ ሲገባ የሚደረግለት አንድ ነው፦ ዝገቱ ይፋቃል፣ ቀዳዳው በፋይበርና በስቱኮ ይደፈናል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል። በሚቀጥለው ክረምት ስቱኮው እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ከስሩ ያለው ቀዳዳ ግን በእጥፍ ሰፍቷል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል እንጂ አያቆምም። ውሃው የሚገባበት ሳይታወቅ ላሜራ መበየድ ደግሞ ብር ማቃጠል ነው።

መግቢያውን ለማወቅ መጀመሪያ ስኮርታውን፣ ክሪኩንና ምንጣፉን አውጥታችሁ አድርቁ። የኮፈኑን ጠርዝ ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡ፣ ዝጉት፣ ክፈቱት። ጠመኔው ጎሚኒው (የኮፈኑ ማሸጊያ ላስቲክ) ላይ ያላረፈበት ቦታ ሁሉ ክፍተት ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ውሃ በቀስታ ያፍስስ፤ ከታች ከመቆለፊያው ይጀምር፣ ወደ ጎኖቹ ይውጣ፣ መጨረሻ ላይ መስታወቱ ስር ይድረስ። በየቦታው አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንም አታውቁም። የመኪና ማጠቢያ ግፊት አትጠቀሙ፤ ደህናውንም ጎሚኒ ያሳልፋል።

ውሃው ፊት ለፊት ወይም በጎን ከገባ ጥፋቱ የጎሚኒው ነው። ከዳሽቦርዱ በኩል፣ ከነዳጅ ታንከሩ ጀርባ ከወረደ ግን ጎሚኒ መቀየር አይጠቅምም። ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ መስታወቱ ስር ካለው ወንፊት የሚገባው ዝናብ አየር ማስገቢያው ሳጥን ውስጥ ይወርድና በላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቱቦው በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል ወይም ይሰነጠቃል። ነቅላችሁ እጠቡት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

ጎሚኒ ስትገዙ በእጃችሁ ጨብጡት። ተጨብጦ ሲለቀቅ ወዲያው የማይመለስ፣ እንደ ፕላስቲክ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከሱማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ) የተገዛም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ ባለበት ተዉት። አንድ ክረምት አይዘልቅም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከመወፈሩ የተነሳ ኮፈኑ አልዘጋ ይላል፣ ባለቤቱም በጉልበት እየደበደበ ያጣምመዋል። የሚገባበትን የብረት ቦይ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ አንቲረስት ቀቡና አድርቁ። ጎሚኒውን በሳሙና ውሃ እያንሸራተታችሁ አስገቡት። አትለጥጡት! የተለጠጠ ጎሚኒ በሳምንቱ ይሰበሰብና ጫፎቹ ላይ የጣት ስፋት ክፍተት ይተዋል። ጫፉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ቁረጡ። ማስቲሽ ጫፎቹ ላይ ብቻ ይበቃል። ሲሊኮን የሚሞጅር ሰው ካለ ቁልፉን ተቀበሉት።

አዲስ ጎሚኒ ገብቶም ጠመኔው በአንድ በኩል ካልነካ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች አላልታችሁ ኮፈኑን አስተካክሉ። ፊት ላይ ያለው የመቆለፊያ እንብርትም በካቻቢቴ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ዳዶውን ማጥበቅ አትርሱ።

አሁን ወደ ላሜራው። የጉድጓዱን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ውጉ። ድምፁ ጠጣር ከሆነ የላይ ዝገት ነው፤ አጽድታችሁ አንቲረስትና ሁለት እጅ ቀለም ቀቡ። ካቻቢቴው እንደ ድርቆሽ ክሽ ብሎ ከገባ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ መቆረጥ አለበት። የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁረጡ፤ ወፍራም ላሜራ ጠርዙን ያቃጥለዋል። ነጥብ በነጥብ፣ እየተራራቀና እየቀዘቀዘ ይበየድ፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ወለል ይንገዋለላል። መገጣጠሚያው ከላይም ከታችም በማሸጊያ ይሸፈን፤ ከስር ጎማው የሚረጨው ጭቃ ነው ግማሹን ዝገት የሚያመጣው።

የነዳጅ ታንከሩ ከብየዳው ክንድ አይርቅም። ሙሉ በሙሉ ይውጣ! ነዳጁን ቀድቶ ማውጣት አይበቃም፤ ባዶ ታንከር በእንፋሎት የተሞላ ስለሆነ ከሙሉው ይብሳል። የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ «ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የምበይደው» የሚል በያጅ ቢኖርም ፍቱት። ባትሪውንም (ከኋላ መቀመጫ ስር ነው) ንቀሉ። ቀለም ቀቢዎች የጉድጓዱን ማፍሰሻ ቀዳዳ በማሸጊያ ደፍነው ይሄዳሉ፤ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና ሲወጣ እዩ።

ስኮርታው ይንኳኳል

ብዙውን ጊዜ ክሪኩ ነው፤ እሱን አውጥታችሁ ንዱ። ጎማው ራሱ ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ወፍራም ቀበቶ በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፋችሁ እሰሩት። ቀበቶው በሁለት ኤም 8 ብሎን ይያዝ፣ ከጀርባው የ3 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ላሜራ ይደገፍ። ከመብሳታችሁ በፊት ከጀርባ ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ፤ የፍሬን ቧንቧ የበሳ ሰው አለ። የሚለጠጥ ላስቲክ አይሆንም፣ ድንገት ሲፈርን ስኮርታው ይዘላል። ጎማው ላሜራውን የሚነካበት ቦታ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ለጥፉ፤ ምንጣፍ አታድርጉ፣ ውሃ ይይዛል።

155 ወይም 165 አር 15 ጎማ በልኩ ይቀመጣል። 195 አስገብቶ ኮፈኑ አልዘጋ አለኝ የሚል ካለ መልሱን ያውቀዋል።

ስኮርታው ሁልጊዜ ባዶ ነው

መስታወት ማጠቢያው ከስኮርታው አየር የሚስብ ዓይነት ነው። ጎማው 42 ፒኤስአይ ይነፋል፤ ቱቦው ላይ ያለው ቫልቮላ ለመንዳት የሚበቃ አየር ሲቀር መዝጋት ነበረበት፣ ሲያረጅ አይዘጋም። ቱቦውን ንቀሉና በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተኩት። 42 የተነፋ ስኮርታ ስትገጥሙ አየሩን መቀነስ እንዳትረሱ።

ሌሎች

ኮፈኑ ውስጥ የነዳጅ ሽታ፦ የመሙያው ቱቦ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ወይም የነዳጅ መለኪያው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። በግራ በኩል ቀለሙ ብቻውን ከተላጠ የፍሬን ዘይት እያንጠባጠበ ነው፤ ዛሬውኑ ይታይ።

ስኮርታው መኪናው ላይ አልገጥም ካለ ብሎኖቹን ቁጠሩ፦ የቀድሞዎቹ አምስት ቀዳዳ በ205 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኞቹ አራት በ130 ናቸው። የፊቱ እግር ከሌላ ቮልስ የተቀየረ መኪና ላይ ፊትና ኋላ ሊለያይ ስለሚችል አራቱንም እግር እዩ። ብሎኑም ይለያያል፤ የአምስቱ 12፣ የአራቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው።