የነባር አሜሪካውያንን ወር ከልጆች ጋር እንዴት እናክብር?

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች ነው። ኖቬምበር የነባር አሜሪካውያን (ኔቲቭ አሜሪካን የሚባሉት) ታሪክና ቅርስ የሚታሰብበት ወር ነው፤ በ1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ዋከር ቡሽ ፈርመው የጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ብዙ ቦታ ግን ልጆች የወረቀት ላባ ራሳቸው ላይ አስረው ፎቶ ይነሱና በዚያው ያልቃል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ላባ ለብዙዎቹ ነገዶች በክብር የሚሰጥ ነገር እንጂ መጫወቻ አይደለም።

መጀመሪያ የምትኖሩበት መሬት የማን እንደሆነ እወቁ። ዲሲና አካባቢው ከሆናችሁ የፒስካታዋይና የናኮችታንክ አገር ነው፤ የአናኮስቲያ ወንዝ ስሙን ያገኘው ከናኮችታንኮች ነው። ፒስካታዋዮች ዛሬም እዚያው አሉ፣ ሜሪላንድም በ2012 በይፋ እውቅና ሰጥታቸዋለች። በአገሩ የፌዴራል እውቅና ያላቸው ነገዶች ከ570 በላይ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ አትጠቅልሏቸው። ሲዳማውን ከአፋሩ ለይታችሁ እንደምትጠሩ፣ እነሱንም ለልጆቻችሁ በየስማቸው ጥሩላቸው።

ልጆች በጣም የሚወዱት ግን ከነገዶቹ አንዱ የሆነውን የቸሮኪን ፊደል ነው። ሴኮያ የሚባል የቸሮኪ ሰው፣ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብም መጻፍም ሳይችል፣ ዓመታት ለፍቶ በ1821 ለቋንቋው ፊደል ሠራለት። በ1828 ጋዜጣ ታተመበት፤ ዛሬ ስልክ ላይም ይጻፋል። እንደኛው ጋ፣ ጌ፣ ጊ እያለ ይሄዳል፣ ብቻ የእነሱ ምልክቶች እንደ ሀ ሁ ሂ በቅርጽ አይዛመዱም። ሰንጠረዡን አትሙና ከፊደል ገበታችሁ ጎን ዘርጉት። ከዚያ ልጁ ስሙን በሁለቱም ይጻፍ። ሊያ የምትባል ልጅ በሁለት ምልክት ትገላገላለች። ብሩክ ግን ይቸገራል፣ ምክንያቱም በሰንጠረዡ ላይ ብም ርም የለም፤ ምን እንደሚተካበት አብራችሁ ስትፈልጉ ነው ጨዋታው የሚደራው። ሰላምታው «ኦሲዮ»፣ ምስጋናው «ዋዶ» ነው፤ በቃላቸው ይያዙት።

ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ ካርላይልን ንገሯቸው። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በ1879 የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከየነገዱ የመጡትን ልጆች ፀጉራቸውን ቆረጠ፣ ስማቸውን ለወጠ፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ከለከለ። እዚያው ሞተው የተቀበሩም አሉ። ልጆቻችን አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሯሯጥ እኛ፣ ይሄ ታሪክ ከማንም በላይ ሊያመን ይገባል። ስታወሩት አታለዝቡት፣ ግን የዛሬውንም ጨምሩበት፦ የቸሮኪ ብሔር ዛሬ ልጆች በቸሮኪኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለው።

ወጥ ቤት ውስጥ ቀላል ነው። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ «ሦስቱ እህትማማቾች» ይባላሉ፤ አብረው ይዘራሉ፣ በቆሎው ቦሎቄውን ይሸከማል፣ ቦሎቄው አፈሩን ያዳብራል፣ የዱባው ቅጠል መሬቱን ጥላ ሆኖ ያረጥበዋል። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ቀቅሉ፣ ከጎኑ የዱባ ወጥ ሥሩ። በርበሬው፣ ድንቹና ቲማቲሙም መነሻቸው የማዕከላዊና የደቡብ አሜሪካ ነባር ገበሬዎች መሆናቸውን እየበላችሁ አውሩ።

ፓውዋው የሚባለውን የነባር አሜሪካውያን የጭፈራና የዘፈን በዓል ካገኛችሁ ሂዱ። ዳንሰኞቹ ሲገቡ ተነሱ፣ ልብሳቸውን አትንኩ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ጌጥ ስትገዙ ማን እንደሠራውና ከየትኛው ነገድ እንደሆነ ጠይቁ፤ የእነሱ ሥራ ያልሆነውን የእነሱ ነው ብሎ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።

ታንክስጊቪንግ ሲደርስ፣ ለብዙ ዋምፓኖጎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ቀኑ የሐዘን እንደሆነ ለልጆቹ አስረዱ፤ ከ1970 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው ያስቡታል። ማግስቱ ዓርብ ደግሞ በሕግ የነባር አሜሪካውያን ቅርስ ቀን ነው። ዲሲ ያላችሁ የሱቁን ግፊያ ትታችሁ ናሽናል ሞል ላይ ወዳለው፣ በ2004 ወደተከፈተው የአሜሪካን ኢንዲያን ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። መግቢያው ነጻ ነው። ሁሉንም ላሳያችሁ አትበሉ፣ ልጆች ይሰለቻሉ፤ አንድ ፎቅ ይበቃል።